ጨው በዝቶበታል

አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ ውስጥ ስለ በሬ ሥጋ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሐበሻ የለም ስል ጉራ የሚመስለው አለ። ይምሰለው። ለገናና ለፋሲካ ቅርጫ ስንገባ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው እርሻ ሄዶ በሬውን የሚመርጠው ማን ነው? እኔ። ከታረደ በኋላ ሻኛውንም፣ ዳቢቱንም፣ ሽንጡንም አመጣጥኖ የእያንዳንዱን አባወራ መደብ የሚመድበው ማን ነው? አሁንም እኔ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዕጣ ሲወጣ «የኔ መደብ አነሰ» ያለ ሰው የለም። ካለም እኔ በሌለሁበት ነው ያለው።

እንዲህ ያለ ሰው ምግብ ቤት ሲገባ ምን እንደሚፈጠር መገመት አያቅትም። እዚህ አገር ሥጋ የሚሉት ነገር የሚቀርበው የጋለ ብረት ላይ እየጮኸ ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ የሚጮኸው ስለተዋረደ ነው። ሰዉም ያንን ቃጠሎ ጣፋጭ ስጎ ውስጥ ነክሮ ዓይኑን ጨፍኖ የፈጣሪን ስም ይጠራል። እኔ ሁለት ጊዜ አላምጬ ሹካዬን አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ አስተናጋጁ መጥቶ «ሁሉም ጥሩ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔም እነግረዋለሁ። ሚስቴ ከእኔ ጋር ውጪ መብላትን እንደ ንስሐ ቅጣት ነው የምታየው። ገና ስንገባ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ታደርጋለች።

አንድ ልጅ ናት ያለችን። ፋርማሲ ትማር ነበር። ሦስተኛ ዓመቷ ላይ «ለአንድ ሴሚስተር ብቻ» ብላ አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ ሄደች። አንዱ ሴሚስተር ሁለት ሆነ። ከዚያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ገና ጫማችንን ሳናወልቅ በቪዲዮ ደወለችና ትምህርቱን እንደተወችው፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥም እሳት ላይ ቆማ ሥጋ እንደምትጠብስ ነገረችን። ፊቷ ላይ ጭንቀት የሚባል ነገር አልነበረም። «አይ ሎቭ ኢት፣ እማዬ» አለች። እናቷ ስልኩን ሶፋው ላይ ጥላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ጣሪያውን እያየች ባለችው ስልክ ላይ ጎንበስ ብዬ «ምን ዓይነት ሥጋ?» ብዬ ጠየቅኳት። ይኼንን መጠየቄን ሚስቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።

ሰኞ ጠዋት ውሳኔው ተላለፈ። «ሂድና ይዘሃት ና» አለችኝ ሚስቴ። «እኔን አትሰማም፤ አንተን ትፈራለች።»

«እሺ እሄዳለሁ።»

«ደግሞ እዚያ ሄደህ ሥጋ ስታሳድድ እንዳትሰነብት። በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ ነው ያንተ ነገር። አውቅሃለሁ።»

ታውቀኛለች። መሥሪያ ቤቴ መጋዘን ነው፤ እቃ የሚጭኑትን እቆጣጠራለሁ። ፈቃድ ስጠይቅ ወዴት እንደምሄድ የሰማ አንድ የክሊንተንቪል ሠፈር ነጭ፣ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ በማግስቱ ከኢንተርኔት ያተመውን ወረቀት ይዞልኝ መጣ። የቦነስ አይረስ ምርጥ የሥጋ ቤቶች ዝርዝር፣ ከአንድ እስከ አሥር። አጠገባቸው ኮከብ አለ። ሥጋን በኮከብ የሚለካ ሰው በሬ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሰውየው ከሚስቱ ጋር ለጫጉላ ሄዶ ሦስቱን ቀምሷቸዋል፤ ስለ እነሱ ሲያወራ ስለ ጫጉላው አንድም ቃል አልተናገረም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም አልለቀቅኩትም።

መስከረም ማለቂያ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደረስኩ። እኛ ዘንድ ቅጠል ሊረግፍ ሲል እዚያ ገና ያቆጠቁጣል፤ ወቅቱም ተገልብጦባቸዋል። ልጄ አውሮፕላን ጣቢያ ቆማ ነበር። ከስታለች። ስታቅፈኝ ክንዷ ላይ እዚህም እዚያም የእሳት ምልክት አየሁ። እናቷ ባለመምጣቷ አምላኬን አመሰገንኩ።

የምትኖርበት ክፍል የእኛን ጋራዥ አያክልም። ሻይ አፍልታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ወሬ ሳታበዛ ጀመረች።

«አባዬ፣ ለምን እንደመጣህ አውቃለሁ። እማዬ ኮል አድርጋ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ካወቅሽ ሻንጣሽን አዘጋጂያ።»

«ዲል እናድርግ» አለች። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እንደ ትልቅ ሰው አየችኝ። «እኔ የምሠራበት መጥተህ ብላ። የምሳ ሥጋ የምጠብሰው እኔ ነኝ። ብላና ፍረድ። መጥፎ ነው ካልክ አብሬህ እመለሳለሁ፤ ትምህርቴንም ፊኒሽ አደርጋለሁ፤ ኖ አርጊዩመንት። ጥሩ ነው ካልክ ደግሞ ለእማዬ አንተው ትነግራታለህ፤ እኔን ትተዉኛላችሁ።»

«ዳኛው እኔ ነኝ?»

«ካንተ ሌላ ማን አለ?»

ሳቄን በሻዩ ሸፈንኩት። ያሸነፍኩ መሰለኝ። ሃያ ሦስት ዓመት የሆናት፣ እጇ ለመድኃኒት ብልቃጥ የተፈጠረ ልጅ፣ እኔን በሥጋ ልትፈትነኝ! ቢሆንም መቸኮል አልፈለግኩም። ስለዚህ ዳኛ ከመፍረዱ በፊት ምስክር ይሰማል፣ የከተማውን ሥጋ ሳልቀምስ ያንቺን በምን ልመዝነው፣ አልኳት። ያንቺን የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ እበላለሁ። እሷም እሺ አለች። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ስዘረጋው አይታ «ኦ ዳድ፣ ኖ» ብላ ሳቀች፤ ቢሆንም እየደወለች ወንበር አስያዘችልኝ።

እሑድ ምሳ የዝርዝሩ አንደኛ ጋር ሄድኩ። ወንበር ያስያዘውም ያላስያዘውም በር ላይ ተሰልፏል። ለሥጋ ወረፋ መያዝ አልጠላም፤ ግን ሰልፈኛው ሁሉ ቱሪስት ነው፤ የአገሩ ሰው በወዲያኛው መንገድ እያየን ያልፋል። አገሬው የሚሸሸው ምግብ ቤት ምን እንደሚመስል ለማወቅ መግባት አያስፈልግም ነበር። ገባሁ። አስተናጋጁ ነጭ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ነው። ሥጋውን አምጥቶ ከፊቴ አስቀመጠ፣ ከኪሱ ማንኪያ አወጣ፣ ሥጋውንም በማንኪያው ለሁለት ከፈለው። ዙሪያውን ያለው ሰው ስልኩን አንስቶ አጨበጨበ። እኔ ሽማግሌውን አየሁት፤ እሱም እስካጨበጭብ ጠበቀኝ። በማንኪያ የሚቆረጥ ሥጋ! ጥርስ ታዲያ ለምን ተሰጠን? የሕፃን ገንፎ ካማረኝ ገንፎ አዝዛለሁ። በሬው ሣር ላይ የሄደበትን እግር፣ ቀንበር የጎተተበትን አንገት ጥርሴ ሊያውቀው ይገባል። ያ ሥጋ ግን በሬ መሆኑንም የረሳ ሥጋ ነበር።

የሰኞው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከመቀመጤ አንዲት ልጅ ውስጡ ቀይ ጨርቅ የተነጠፈበት ሣጥን ይዛ መጣች። ስትከፍተው ስምንት ቢላ። እጀታው የአጋዘን ቀንድ፣ የእንጨት፣ የአጥንት። የምትወደውን ምረጥ ማለቷ ነው። መርጬ ሳበቃ ሥጋውስ የት ነው አልኳት፤ ሥጋውን ሼፉ መርጦልዎታል አለችኝ። እኛ ቅርጫ ላይ አንድ ቢላ ለአሥራ ስድስት ሰው ይበቃል፤ የሚመረጠው ሥጋው ነው። እነዚህ ሰዎች የሚመረጠውንና የማይመረጠውን ገልብጠውታል። የመጣልኝ ቁራጭ ውፍረቱ መዝገበ ቃላት ያህላል፤ ውጪው ከሰል፣ መሃሉ ቀዝቃዛ። ያውም ቢላው ሳይቆርጠው ቀረ።

ማክሰኞ ነገሩ ስለመረረኝ ጥሬውን አዘዝኩ። ቃሉን ልጄ ጽፋ ሰጥታኝ ነበር። አስተናጋጁ ሳቀ። ደገምኩለት። ሄዶ ሌላ ሰው ጠራ፤ ያም ሄዶ ሼፉን ጠራ። ሼፉ ረጅም ነጭ ቆብ አድርጎ መጣና በደረቱ ላይ እጁን አድርጎ እንደማይቻል ነገረኝ። እንዲህ በሥጋዋ የምትኮራ ከተማ፣ ከተማው ሁሉ በሥጋ ሽታ የተሞላ፣ ሥጋውን ራሱን ግን ይፈሩታል! ለይቅርታ ብለው ከደም የተሠራ ጥቁር ቋሊማ በስጦታ አመጡልኝ። ደም እንደማንበላ በምልክት አስረዳሁ። አስተናጋጁ እንደሚገባው አንገቱን ነቀነቀና ሁለተኛ ቋሊማ ጨመረልኝ።

ረቡዕ ጾም ነው። ባልታደለ አገር ረቡዕም ይመጣል። ልጄ ያስያዘችልኝ ቦታ ሄጄ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለው ነገር እንዲሰጡኝ በስልኬ የጻፈችልኝን አሳየኋቸው። አስተናጋጇ አንብባ በጣም ተረዳች። ከዚያ የዶሮ ሰላጣ አመጣችልኝ። ዶሮ ነው እኮ አልኳት፤ አዎ፣ ሥጋ አይደለም አለችኝ። ሳህኑን ገፋ አድርጌ ዳቦና ቲማቲም በላሁ። እንደ እውነቱ ከሆነ የሳምንቱ ጥሩ ምሳ ይኸው ነበር።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ የየቀኑን ፍርድ ትሰማለች። አልጋዋ ጫፍ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ እየሳቀች ትጠይቀኛለች፤ «ጨዉስ?» «እሳቱስ፣ የእንጨት ነው የከሰል?» «ስቡ ቀልጧል ወይስ ገና ነጭ ነው?» ጥያቄዎቿ ደስ አላሉኝም። ፋርማሲ ስትማር እንዲህ ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም። አንድ ጊዜም መልሴን በእስክሪብቶ ትንሽ ደብተር ላይ ስትጽፍ ደረስኩባት። ለምን እንደምትጽፍ አልጠየቅኳትም፤ ስለማውቀው ነው ያልጠየቅኳት።

የሐሙሱ ሥጋ ጥሩ ነበር። ይኼንን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ጥሩ ነበር። ከዝርዝሩ ሰባተኛ፣ ወንዝ አጠገብ ያለች ጠባብ ቤት። ሥጋውን ስበላ ስህተት ፍለጋ ገልብጬ አየሁት፣ አሸተትኩት፣ ብርሃን ላይ አነሳሁት። ምንም አጣሁበት። ስለዚህ ወንበሩን ነቀፍኩ፤ ይቆረቁራል። ከዚያ ቤት ስወጣ ሆድ ዕቃዬ ሞልቶ ልቤ ግን ተረበሸ። እነዚህ ሰዎች ካወቁበት ያውቁበታል ማለት ነው። ካወቁበት ደግሞ ሊያስተምሩ ይችላሉ። ካስተማሩ ደግሞ የተማረችም ልትኖር ትችላለች።

ዓርብ ጾም ስለሆነ ምስክር የሚሰማበት ቀን አልነበረም። ስንሸራሸር በአጋጣሚ እንደመጣሁ ለራሴ እየዋሸሁ ልጄ የምትሠራበት መንገድ ደረስኩ። የማዕዘን ቤት ናት። ኮከብ የላትም፤ ወረቀቱም አያውቃት። የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ የባንክ ዘበኞች፣ አንድ ውሻ። በወዲያኛው ማዶ ዛፍ ተጠግቼ በመስኮቱ አየኋት።

ፀጉሯን በጨርቅ አስራለች። ከኋላ የነደደውን እንጨት በብረት እየመታች ፍሙን ታወርዳለች፤ ወደ ሥጋው ሥር በጥቂት በጥቂቱ ትገፋለች። ከዚያ ምንም አታደርግም። ትቆማለች። የማያውቅ ሰው ሥጋን እየወጋ፣ እያገላበጠ፣ እየተጫነ ነው የሚያበላሸው፤ እጁ አላርፍ ብሎት። ይቺ ልጅ ግን እጇን አጣምራ ሥጋውን ዝም ብላ ትጠብቀዋለች። አጠገቧ ያለው ወፍራም ሰውዬ አንድ ነገር ሲጠይቃት ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ገና ነው ማለቷ ነው፤ ሰውየውም ያነሳውን ሳህን መልሶ አስቀመጠ። የወንድ ሁሉ አዛዥ ሆና ቆማለች። እኔ የማውቃት ልጄ ቤት ውስጥ የታጠበ ዕቃ ለማድረቅ ሦስት ጊዜ የምትለመን ናት። ዛፉ ሥር ቆሜ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ፈራሁ። አሁን ሳስበው ያን ዕለት ማሸነፌ እንዳበቃ አውቄዋለሁ።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ የለም፤ ወረቀት ነው የተነጠፈው። ቴሌቪዥኑ ኳስ ያሳያል። አስተናጋጁ ማን እንደሆንኩ ስለተነገረው ምን ልታዘዝ አላለኝም። ልጄ ከእሳቱ ዘንድ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና ወዲያው ፊቷን መለሰች። ጀርባዋን ብቻ ነበር የማየው።

ሥጋው መጣ። ሳየው በንቀት ልስቅ ነበር። ከሆዱ በኩል ያለው ስስ ሥጋ ነው፣ እኔ ቅርጫ ላይ መደብ ሲጎድል ለማሟያ የምጥለው። ሌላ ብልጥ ቢሆን ጭቅናውን ሰጥቶ ያታልለኝ ነበር፤ እሷ የምንቀውን መርጣ ላከችልኝ። አንድ በኩሉ ስብ አለው፤ ስቡ ወርቃማ ሆኖ ተኮማትሯል። ቆርጬ አፌ ከተትኩት።

እንግዲህ ምን ልበል። ጥርሴ ያዘውና ለቀቀው፤ አልተሸነፈለትም፣ አልተጣላውምም። መጀመሪያ ጨዉ መጣ፣ ከኋላው ጭሱ፣ ከዚያ ሥጋው ራሱ እንደገና መጣ። ስቡ ቀልጦ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሃምሳ አምስት ዓመት ሥጋ ስበላ እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም። ሹካዬን አላስቀመጥኩም፤ ማላመጥ የተውኩት ዓይኔ ውኃ ስለሞላ ነው። ቀና ብዬ ኳሱን አየሁ፤ ሰው ሁሉ ኳሱን እያየ ነበርና ማንም አላስተዋለኝም። ከዚያ ሳልተነፍስ በላሁ።

የመጨረሻው ቁራጭ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነበር፤ ስቡ ዳር ላይ የተጠበሰበት፣ ለዓይን እንኳ የሚያሳሳ። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ ከእንግዶች ጋር ሲበላ እኛ ግድግዳ ተደግፈን ነበር የምንጠብቀው። ማዕዱ ሲነሳ ሁልጊዜ በአባቴ በኩል አንድ ምርጥ ሥጋ ተርፎ ይገኛል። ጠግቦ አልነበረም፤ አባቴ መቼም ጠግቦ አያውቅም። እወድሃለሁ ብሎኝ የማያውቅ ሰው ነው፤ ግን ያንን ቁራጭ ሳይበላው ይነሳ ነበር። እኔም ሳላስብበት ቁራጩን ወደ ሳህኑ ዳር ገፋ አድርጌ ተውኩት። አስተናጋጁ አነሳው፤ ተወዛዋዡን በር ገፍቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ትንሽ ቆይታ ልጄ ወጣች። ሽርጧን እንደታጠቀች ነው። ፊቷ ከእሳቱ የተነሳ ቀልቷል። ወንበር ስባ አልተቀመጠችም፤ እጇን ወንበሩ ላይ አድርጋ ቆመች።

«እህስ፣ አባዬ?»

እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት ያየሁት ግን ሚነርቫ ፓርክ ያለውን ቤታችንን ነው፤ በሩ የተዘጋውን ክፍሏን፣ ሚስቴ በየሳምንቱ የምትቀይረውን ማንም ያልተኛበት አንሶላ። ብቻዬን ስመለስ በሩን ከፍታ ከኋላዬ ሰው ስትፈልግ። ሁለታችን ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንበላ።

«ጨው በዝቶበታል» አልኩ።

እጇን በሽርጧ ጠረገችና አየችኝ።

«ጨው?»

«አዎ። ደግሞ ደርቋል። ለጀማሪ ክፉ አይደለም፤ ግን ለፍርድ ለመቅረብ ገና ነሽ።»

ይኼንን «ለጀማሪ» ያልኩትን ቃል አሁንም ሳስታውሰው ራሴን ልተፋው እፈልጋለሁ። ስንት ሰው ፊት ለፊት ስንት ሥጋ ሳዋርድ ኖሬአለሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ግን ያልኩት ትክክል ነበር። ንቀቴን ሰዎች የሚችሉት ስለዚያ ነው። ያን ቀን ግን ንቀቱን አልብሼ ያወጣሁት ውሸት ነው፤ ያውም ለገዛ ልጄ። ልጄ አልተከራከረችም። «እሺ» አለች፤ ሽርጧን ከኋላ ፈታችና አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

ቃሏን ጠበቀች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ኮለምበስ ገባች። ሚስቴ እልል አለች፤ ሰው ቤታችን እየመጣ «ጋሼ፣ አንተ ባትሄድ ኖሮ» ይለኝ ጀመር። አንዲት የሠፈራችን ሴት «እትዬ፣ እንኳን ይኼን ዓይነት ባል ሰጠሽ» ብላ ሚስቴን ሳመቻት። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ተቀበልኩ። ስጠየቅ ስለ ማንኪያው፣ ስለ ቢላው ሣጥን፣ ስለ ዶሮው ሰላጣ አወራለሁ፤ ሰው እስኪያለቅስ ይስቃል። ስለ ቅዳሜው አላወራም።

ልጄ ትምህርቷን ጀመረች። ከሰዓት ክሊንተንቪል አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ እንክብል ቆጥራ ብልቃጥ ውስጥ ትከታለች። አትከፋም፣ አትቆጣም። ስትጠየቅ «አይም ፋይን» ትላለች። ጓሯችን ያለውን መጥበሻ ግን አንድም ቀን አልነካችውም። ለገና በሬ ስናርድ አብራኝ መጣች፤ የምመድበውን በላስቲክ እያሰረች ረዳችኝ፤ ሥጋውን ግን አልተመለከተችም። ያን ቀን ዕጣ ሲወጣ ከሆዱ በኩል ያለውን ሥጋ ለማንም ማሟያ አላደረግኩትም። ለእኔ አስቀረሁት። ቤት ወስጄ ጠበስኩት፤ አልሆነም።

እንዲህ ሆኖ ከረመ። ባለፈው ወር ፍራንክሊንተን አዲስ የሥጋ ምግብ ቤት ተከፈተ፤ «የደቡብ አሜሪካ እሳት» ይላል ማስታወቂያው። ሚስቴ፣ ያቺ ከእኔ ጋር መውጣት የምትጠላ ሚስቴ፣ ልጅቷን ደስ ይላታል ብላ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዛን ሄደች። እንጨቱ ለጌጥ ግድግዳ ላይ ተደርድሯል፤ ሥጋው የተጠበሰው በጋዝ ነው። እኔ ጀመርኩ፤ እንደ ልማዴ ሥጋውን፣ ጋዙን፣ ግድግዳውን፣ የአስተናጋጁን ባርኔጣ ሳይቀር አዋረድኩ። ሚስቴ ነጠላዋን ሳበች። ልጄ ግን አልሳቀችም። የቀረበላትን ሥጋ በቢላ ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየችው፣ እንደታመመ ሰው አዘነችለት፣ መልሳ ከደነችው። ያኔ ሒሳብ ጠየቅኩ።

ሚስቴ የተረፈውን በካርቶን ለማስያዝ ወደ ኋላ ቀረች። እኔና ልጄ መኪና ውስጥ ገባን። እሷ ከጎኔ ናት። ሞተሩን አላስነሳሁም።

«እዚያ ያበላሽኝ ሥጋ» አልኩ፣ ዓይኔን ከፊት መስታወቱ ሳላነሳ፣ «ጨው አልበዛበትም ነበር። አልደረቀምም። ዋሽቼሽ ነው።»

«አይ ኖው» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«የተውከውን በልቼዋለሁ። ሳህኑ ሲመለስ አንዱ አስተናጋጅ ሊደፋው ነበር፤ ተቀብዬ እዛው ቆሜ በላሁት። ምንም አልነበረበትም። ከዚያ ነው ወጥቼ የጠየቅኩህ።»

ስትጠይቀኝ መልሱን ታውቀው ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን መጣሽ?»

የመኪናውን ቀበቶ ጎትታ አሰረች። «አባዬ፣ አንተ እኮ ንስሐ አባታችን ቤታችን መጥተው፣ እማዬ ቀኑን ሙሉ የሠራችውን ጥብስ እሳቸው እየባረኩት ‹ጎማ ነው› ያልክ ሰው ነህ። ሥጋ ላይ ስትዋሽ ሰምቼህ አላውቅም። ይኼን ያህል ከፈለገኝማ፣ አልኩ፣ ልሂድለት።»

ሚስቴ ካርቶኗን ይዛ ከበሩ ስትወጣ አየኋት። ጊዜ አልነበረኝም።

«ተመለሺ» አልኳት።

«ዌር?»

«ወደዚያ። ወደ እሳትሽ። እናትሽን እኔ እነግራታለሁ።»

የኋላው በር ተከፈተ። ሚስቴ ገብታ ተቀመጠች፣ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አደላደለችና «ለነገ ምሳ ይሆናችኋል» አለች። ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታለቅስ ነበር። እኔ መኪናውን አስነሳሁ፤ ለሚስቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ግን አላውቅም ነበር።